ባሕር ዳር ላይ የቮልስ ሞተር ዕድሜ እንዲያገኝ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ውፍረት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 84 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ራዲያተር ላለው መኪና ይህ ጥቂት ጉልበት ከማጣት አያልፍም። ቮልስ ግን የሚቀዘቅዘው በዚሁ አየርና ሆዱ ውስጥ በያዘው 2.5 ሊትር ዘይት ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ቶሎ ይሰማዋል። ሲሊንደሩን የሚፍቀው፣ የጭስ ማውጫ ቫልቮውን የሚያቃጥለው፣ የማግኒዚየሙን የሞተር ቤት የሚያጣምመው ከሁሉ በላይ ሙቀት ነው፤ አቧራ ይከተላል። ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከመግዛት በፊት የአየሩንና የዘይቱን መንገድ ማስተካከል የሚገባው ለዚህ ነው። ይህ ሳይደረግ የተሠራ ሞተር፣ ዕቃው የቱንም ያህል ኦሪጅናል ቢሆን፣ ቶሎ ወደ ጋራዥ ይመለሳል።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለ1300፣ ለ1500 እና ለ1600 ሞተሮች ናቸው። 1200 የያዛችሁ አሠራሩን ውሰዱ፤ የቫልቮና የአንቲቺፖ (የካንዴላው እሳት የሚነሳበት ጊዜ) ልኩን ግን ከራሱ መጽሐፍ አረጋግጡ።

የኋላውን ኮፈን ክፈቱና ሞተሩን የከበበውን ጎማ ተመልከቱ። ቬንቲላተሩ ቀዝቃዛ አየር የሚስበው ከዚህ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሲሊንደሮቹን አልፎ የሞቀው አየር ደግሞ በታች በኩል ይወጣል። ሁለቱን የሚለያቸው ላሜራዎቹና ይህ ጎማ ብቻ ናቸው። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ቀለም ሲቀባ ተነቅሎ ከቀረ፣ ቬንቲላተሩ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ኦሪጅናሉ ካልተገኘ የመኪና በር ጎማ በልኩ ቆርጦ መግጠም ይቻላል። ስፖንጅ አትጠቀሙ፤ ዘይት ይጠጣል፣ እሳትም ይይዛል።

የካንዴላ ገመዶቹ ጫፍ ላይ ያሉት ክብ ጎማዎችም ለጌጥ አልተቀመጡም። ካንዴላው የሚገባበትን የላሜራ ቀዳዳ የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። ሞተሩ እየሠራ ቀጭን ወረቀት ወደ ቀዳዳው አስጠጉ፤ ወረቀቱ እየተገፋ ከተርገበገበ ለቴስታታው (ለሲሊንደሩ ራስ) የታሰበው አየር በዚያ እያመለጠ ነው። የጎማዎቹ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ባይኖሩ ግን የሚጎዳው ቴስታታው ነው።

አሁን ከመኪናው ሥር ግቡ። በየጥንዱ ሲሊንደር መካከል፣ ከታች በኩል፣ አየሩ ሲሊንደሩን አቅፎ እንዲያልፍ የሚያስገድዱ ትንንሽ የታጠፉ ላሜራዎች መኖር አለባቸው። ሞተር ሲወርድ ከሁሉ በፊት የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። ስለማይታዩ፣ ያለ እነሱም ሞተሩ ስለሚነሳ፣ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ትርፍ ዕቃ ይመስላሉ። ሳይኖሩ ሲቀሩ አየሩ የሲሊንደሩን ላይኛ ፊት ብቻ ነክቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የታችኛው ፊት ይነድዳል፤ ሲሊንደሩም ክብነቱን ያጣል። ክብነቱን ያጣ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ቢገባም ዘይት መብላቱ አይቆምም። ላሜራዎቹ ከጠፉ ከሌላ ሞተር አንድ ናሙና ተውሳችሁ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ማስቀረጽ ይቻላል። ስትገጥሟቸው እንዳይንቀሳቀሱ አድርጋችሁ አጥብቋቸው፤ የላላ ላሜራ እየተንቀጠቀጠ የሲሊንደሩን ክንፍ ይበላል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ሌላው ቦታ የጋቢና ማሞቂያው ነው። ባሕር ዳር ላይ ማሞቂያ ማን ይፈልጋል ተብሎ ከቬንቲላተሩ ቤት የሚወጡት ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ተቆርጠው ክፍት ይተዋሉ። በዚያ ለሲሊንደር የሚገባው አየር ይፈስሳል። መፍትሔው የሚወሰነው በጭስ ማውጫው ዓይነት ነው። ማሞቂያ ሣጥኖቹ አሁንም ካሉ ቱቦዎቹን መልሳችሁ ግጠሙ፤ ሣጥኑ ውስጥ የሚያልፈው አየር የጭስ ቱቦውንም ያበርዳል። ሣጥኖቹ ወጥተው በባዶ ቱቦ ከተተኩ ግን ሁለቱን ቀዳዳዎች በላሜራ ክዳን ድፈኗቸው።

ቴርሞስታቱን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፤ ይኑር። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ በቬንቲላተሩ ቤት ውስጥ ያሉትን የአየር መዝጊያዎች ይከፍታል፤ ከዚያ በፊት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። የታኅሣሥና የጥር ጧት እዚህም ይቀዘቅዛል፤ ሲሊንደርና ፋሻም በብዛት የሚፋቁት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ነው። ቴርሞስታቱ ከሞተና ምትክ ካልተገኘ መዝጊያዎቹን ሙሉ በሙሉ በተከፈተበት ቦታ በሽቦ እሰሯቸው፤ አውጥታችሁ አትጣሏቸው።

የባሕር ዳር መንገዶች ዘንባባና ጃካራንዳ ጥላ ለመኪና ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቅጠሉና አበባው በኋላው መተንፈሻ ገብቶ ቬንቲላተሩ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ ያለፈው ፍርፋሪ ከዘይት ጋር ተለውሶ የዘይት ራዲያተሩ ክንፎች ላይ ይጋገራል። መኪናው ለወራት ከቆመ አይጥም በቬንቲላተሩ ቤት ውስጥ ጎጆ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ራዲያተሩ የቆመው ልክ ከ3ኛው ሲሊንደር በላይ፣ በግራ በኩል ወደ ፊት ነው፤ ራዲያተሩ የያዘው አየር 3ኛውን አይደርሰውም፣ የሚደርሰውም ሞቆ ነው። 3ኛ ሲሊንደር ቀድሞ የሚሞተው በዚህ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የቬንቲላተሩን ቤት አንሥታችሁ ራዲያተሩን በአየር መጭመቂያ ከታች ወደ ላይ ንፉት። የራዲያተሩ ሥር ያሉት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ከደረቁ በዚያው ቀይሯቸው። ጎማዎቹ ባለ 8 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ስላሉ፣ ሞተር ቤቱና ራዲያተሩ የተለያየ ዘመን ከሆኑ ደግሞ በአንድ ወገን 8 በሌላው 10 የሆነ ስላለ፣ አሮጌዎቹን ይዛችሁ ግዙ። ላቫጆ ላይ ሞተር በግፊት ውሃ ማሳጠብ ጭቃውን ወደ ክንፎቹ ውስጥ ይገፋዋል፤ ውሃውም የካንዴላውን ኤሌክትሪክ እየቆረጠ የሚያገናኘው ፑንቲና ቤት ይገባል። በብሩሽና በጥቂት ነጭ ጋዝ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ገመድ ተፈትቶ መጥረግ ይሻላል።

ከአነዳዱ ጋር የሚያያዘውን እዚህ ላይ እንጨርሰው። ቬንቲላተሩ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር አየሩ የሚበዛው መኪናው ሲፈጥን ሳይሆን ሞተሩ ሲፈጥን ነው። ዳገት ላይ በ3ኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጦ ሞተሩን ማስጨነቅ ሙቀትን ከፍ፣ አየርን ዝቅ ያደርጋል። በ2ኛ ማርሽ፣ እግርን አቅልሎ፣ ሞተሩን እያስጮሁ መውጣት ነው የሚያድነው። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ባለው ዳገት፣ ወደ እንጅባራ ሲወጣ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ባለው የዓባይ በረሃ ይህ ሞተር የሚያተርፍና ሞተር የሚያስወርድ ልዩነት ነው። ዳገቱ ሲያልቅ ወዲያው አታጥፉት፤ ለሁለት ደቂቃ ያህል በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይሥራ።

ቺንጋው ከተበጠሰ አየር የለም። በዳሽቦርዱ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ይበራል፤ እዚያው መቆም ግዴታ ነው፤ ትንሽ ርቀት መንዳት እንኳ ፒስተኑን ሊያስነክሰው ይችላል። በዲናሞውና በታችኛው ፑሌጃ መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ማስተካከያው የዲናሞው ፑሌጃ ሁለት ግማሾች መካከል ያሉት ቀጫጭን ቀለበቶች ናቸው። ዳዶውን በ21 ቁልፍ ፍቱ፤ ፑሌጃው እንዳይዞር ከውስጥ በኩል ባለው ጥርስ ካቻቢቴ አስገቡ። ቺንጋውን ለማጥበቅ አንድ ቀለበት ከመካከል አውጡ፣ ለማላላት ጨምሩ። ያወጣችሁትን ቀለበት አትጣሉት፤ ከዳዶው ሥር ከውጭ አስቀምጡት፣ ነገ ያስፈልጋል። ከልክ በላይ የጠበቀ ቺንጋ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይጨርሳል። ትርፍ ቺንጋና 21 ቁልፍ መኪናው ውስጥ ሳይኖር ከከተማ አትውጡ።

ዘይት። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ከታች የብረት ወንፊት ብቻ ነው። ወንፊቱ ትልቁን ይይዛል፤ ደቃቁ አቧራ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ብሮንዚኑን (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበትን ለስላሳ ብረት) ይልጋል። ስለዚህ ቆሻሻው የሚወጣው ዘይቱ ሲለወጥ ብቻ ነው። በአስፋልት ለሚሄድ በየ5000፣ በጠጠርና በአቧራ መንገድ ለሚውል በየ2500 ኪሎ ሜትር ለውጡ። እኛ የምንመርጠው 20ደብሊዩ-50 የማዕድን ዘይት ነው፤ እሱ ካልተገኘ ኤስኤኢ 30 ወይም 40። ለናፍጣ ሞተር የተሠራው 15ደብሊዩ-40ም ቫልቮዎቹን የሚከፍተውን ካም ሻፍት የሚጠብቀው የዚንክ ቅመም ስላለው ይሆናል። ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር በጣም ወፍራም ዘይት መሙላት የተለመደ ቢሆንም ይጎዳል። ግፊቱ ከፍ ሲል ሞተር ቤቱ ውስጥ ያለው የግፊት መልቀቂያ ይከፈትና ዘይቱ የዘይት ራዲያተሩን ሳያልፍ በአቋራጭ ወደ ብሮንዚኖቹ ይሄዳል። ወፍራም ዘይት በዚህ አቋራጭ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚያልፍ የግፊት መለኪያው ደስ የሚል ቁጥር ያሳያል፤ ዘይቱ ግን አይበርድም።

ስትለውጡ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ይሁን። የወንፊቱን ክዳን የያዙት 6 ትንንሽ ዳዶዎች በ10 ቁልፍ ይፈታሉ። ወንፊቱን በቤንዚን እጠቡት፤ ከላይና ከታቹ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ለዳዶዎቹም አዲስ የመዳብ ቀለበት አድርጉ። ዳዶዎቹ የሚጠብቁት 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ በአጭር ቁልፍ በጣት ጉልበት ማለት ነው። ሲንጠባጠብ እያጠበቁ መሄድ ቡሎኑን ከነጥርሱ ከማግኒዚየሙ ይነቅለዋል። የሚያንጠባጥበው አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ስለ ጎበጠ ነው፤ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጣችሁ አቅኑት። ወንፊቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ወይም የመዳብ መልክ ያለው ቅርፊት ካገኛችሁ ብሮንዚኑ እየሄደ ነው፤ ሞተሩ ሳይሰበር ይውረድ። አሮጌው ዘይት ጀሪካን ውስጥ ይግባ። ባሕር ዳር ላይ ቦይ ውስጥ የፈሰሰ ዘይት መድረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው፤ ዓሣውን የምንበላው ራሳችን ነን።

ሞተሩ ለሌላ ሥራ በወረደበት ጊዜ ሊጨመር የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ሙሉውን ዘይት የሚያሳልፍ የውጭ ፊልትሮ ነው። መውጫ ያለው የዘይት ፖምፓ ክዳን፣ የፊልትሮ መቀመጫና ሁለት የዘይት ግፊት የሚችሉ ቱቦዎች ያስፈልጋሉ። ዘይቱ ከፊልትሮው የሚመለሰው ወደ ሞተር ቤቱ ዋና የዘይት ቦይ ስለሆነ ቀዳዳው ቶርኖ ቤት ተበስቶ ጥርስ ይወጣለታል። ይህ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በተፈታበት ጊዜ ብቻ ይደረግ፤ በተገጠመ ሞተር ላይ መብሳት የብረቱን ብናኝ ቀጥታ ብሮንዚን ውስጥ መጨመር ነው። የዘይት ሙቀት መለኪያም ይኑራችሁ፤ ከዘይት ማያ ዘንጉ ጋር የሚመጣው ለመግጠም ቀላል ነው። ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ጤናማ ነው፤ ከ110 ካለፈ ፍጥነት ቀንሱ፤ 120 ከደረሰ ቁሙ።

አቧራን የሚያስቀረው ዘይት ያለበት የአየር ማጣሪያ ነው። ጥሩ ዕቃ ነውና በወረቀት ፊልትሮ ለመቀየር አትቸኩሉ። ሥሩ ላይ የሚከማቸው ጭቃ ከፍ እያለ መጥቶ ከላዩ የሚቀረው ንጹሕ ዘይት 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሥራውን አቁሟል። የታችኛውን ሳህን በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ አድርቁ፣ እስከ ምልክቱ ድረስ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ከምልክቱ በላይ አትሙሉ፤ ካርቡራተሩ ይስበዋል። በበጋ የጠጠር መንገድ ለሚሄድ መኪና በየሁለት ሳምንቱ ከፍቶ ማየት አይበዛም።

ካርቡራተሩ የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። በ1800 ሜትር አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ 9 በመቶ ያህል ይወፍራል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ የከፋው ግን የማይታየው ነው። ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርድና የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። የዘይት ዘንጉን አሽትታችሁ ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም ሳትጨምሩበት የዘይቱ ልክ ከፍ ካለ፣ መንስኤው ይህ ወይም የተቀደደ የቤንዚን ፖምፓ ነው። ቤንዚኑን የሚለካውን ዋናውን ጄት፣ ማለትም ባለ ቀዳዳውን ትንሽ ነሐስ፣ አንድ ደረጃ አውርዱት፤ 127.5 የነበረ 125፣ 125 የነበረ 122.5 ይሁን። በአስፋልት 15 ኪሎ ሜትር ያህል በደንብ ነድታችሁ፣ ሞተሩን በፍጥነት ላይ አጥፍታችሁ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ዳር ያዙና ካንዴላዎቹን ፍቱ። ሸክላው ፈካ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ደርሳችኋል፤ አሁንም ጥቁር ከሆነ ሌላ አንድ ደረጃ። ነጭ ከሆነ ወደ ነበረበት መልሱት። ሁለት ደረጃ ካወረዳችሁ በኋላ አትቀጥሉ፤ የቀጠነ ድብልቅ የጭስ ማውጫ ቫልቮ ያቃጥላል፣ የወፈረው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። ጄቱን በሽቦ መወልወል ልኩን ያበላሻል፤ በአየር ይነፋ። ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት ደግሞ በካርቡራተሩ ሥርና በማኒፎልዱ መጋጠሚያ አየር አለመግባቱን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. ከ1971 ወዲህ ባለው ባለ ሁለት ቀዳዳ 1600 ላይ የማኒፎልዱ ጎማዎች ይሰነጠቃሉ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ጎማውን በእጅ ጫን ስትሉት ድምፁ ከተለወጠ አግኝታችሁታል።

አንቲቺፖ ከመነካቱ በፊት የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ይደረግ፤ ክፍተቱ ሲለወጥ አንቲቺፖውም ስለሚለወጥ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። በሚኒሞ ላይ ያለው የአንቲቺፖ ልክ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ እንደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ዓይነት ይለያያል፤ ሞተሮቹ ደግሞ እዚህ አገር ከአንዱ ወደ ሌላው ዲስትሪቢውተር ሲያቀያይሩ ኖረዋል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሠራውን ውሰዱ፤ የቫኩዩም ቱቦው ተነቅሎ፣ ሞተሩ ከ3000 ዙር በላይ እያለ፣ ጠቅላላው አንቲቺፖ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን። ፑሌጃው ላይ የ30 ምልክት ከሌለ የወረቀት ቁራጭ ዙሪያውን ጠቅልላችሁ ርዝመቱን ለ12 አካፍሉ፤ ያ ርቀት 30 ዲግሪ ነው። ከዜሮው ምልክት ወደ ቀኝ ለክታችሁ ነጭ ቀለም አድርጉና በመብራት እዩት። ከፍታው ሁለት ሦስት ዲግሪ መጨመር ይፈቅዳል የሚል ክርክር አለ፤ በጥሩ ቤንዚን ልክ ነው። በኃይላንድ ጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ግን ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ነጭ ጋዝ ኦክቴኑን ያወርዳል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ያንኳኳል። የቮልስን ማንኳኳት በቬንቲላተሩ ጩኸት መስማት ስለሚያስቸግር የምታውቁት ፒስተኑ ከተበሳ በኋላ ነው። ባንጨምር ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው። ማደያ ጠፍቶ እንዲህ ያለ ቤንዚን መግዛት ግድ ከሆነ ጥቂት በነጭ ወረቀት ላይ አፍስሱ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን ይለቃል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባታም ምልክት ይተዋል።

ካንዴላው ጥርሱ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነው አጭሩ ነው፤ ቦሽ ደብሊዩ8ኤሲ ወይም ኤንጂኬ ቢ5ኤችኤስ ዓይነት። 19 ሚሊ ሜትሩ ረጅም ካንዴላ ፒስተኑን ይመታል። ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ካንዴላውን በቁልፍ አትጀምሩ፤ ጫፉን በጎማ ቱቦ ይዛችሁ በጣት አዙሩ፤ ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ራሱ ይንሸራተትና ያስጠነቅቃችኋል።

የቤንዚን ቱቦዎቹን በየዓመቱ ቀይሩ። ቮልስን ከሞተር ብልሽት ይልቅ ጨርሶ የሚያጠፋው እሳት ነው፤ እሳቱም የሚነሳው ከደረቀ ቱቦ ወይም ካርቡራተሩ ውስጥ ከላላ የቤንዚን መግቢያ ነሐስ ነው። ነሐሱን በእጅ ወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ወጥቶ በጥብቀት መልሶ ይገጠም። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ፋሸታ ይኑራቸው። የፕላስቲክ የቤንዚን ማጣሪያ ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ ከማርሽ ሣጥኑ በላይ ይሁን እንጂ ዲስትሪቢውተሩ አጠገብ አይንጠልጠል።

ቫልቮ ማስተካከል በየ5000 ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፍጹም በቀዘቀዘበት ይደረጋል። ክፍተቱ ለመግቢያውም ለማውጫውም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናው ውስጥ ወደ ፊት ፊታችሁን አዙራችሁ ስትቀመጡ በቀኝ ያሉት 1 ከፊት 2 ከኋላ፣ በግራ ያሉት 3 ከፊት 4 ከኋላ ናቸው። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንሡ፤ ፑሌጃውን በ30 ቁልፍ እያዞራችሁ ሮተሩ በዲስትሪቢውተሩ ከንፈር ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረት ሲያይና የፑሌጃው ዜሮ ምልክት ከሞተር ቤቱ መጋጠሚያ ጋር ሲገጥም 1ኛው ዝግጁ ነው። አስተካክሉና ፑሌጃውን ወደ ግራ፣ ከሰዓት አዙሪት በተቃራኒ፣ ግማሽ ዙር መልሱት፤ 2ኛው ይመጣል፤ እንደገና ግማሽ፣ 3ኛው፤ እንደገና ግማሽ፣ 4ኛው። መለኪያው ምላጭ ሲገባና ሲወጣ በትንሹ የሚይዝ መሆን አለበት። ዳዶውን ስታጠብቁ ቪቴው አብሮ ስለሚዞር ከጠበቀ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ከጠበበ ይልቅ በትንሹ የሰፋ ይሻላል። የጠበበ ቫልቮ መቀመጫው ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ አይችልም፤ ይቃጠላል።

ከልኩ በላይ ትኩረት የሚሻው ለውጡ ነው። ለእያንዳንዱ ቫልቮ ያገኛችሁትን ክፍተት ከማስተካከላችሁ በፊት ጻፉት። አንድ የጭስ ማውጫ ቫልቮ፣ በተለይ የ3ኛው፣ በሁለት ተከታታይ ምርመራ ጠብቦ ከተገኘ ወይ መቀመጫው እየሰመጠ ነው ወይ ግንዱ እየተለጠጠ ነው። የተለጠጠ ቫልቮ አንድ ቀን ራሱ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቃል፤ ፒስተን፣ ቴስታታና ሞተር ቤት አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን እያስተካከሉ መንዳት አይቻልም፤ ቴስታታው ይውረድ፣ የጭስ ማውጫ ቫልቮዎቹ አራቱም በአዲስ ይለወጡ። ያገለገለ የጭስ ማውጫ ቫልቮ ሞርዶ መመለስ ቁጠባ አይደለም።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ጉዞውም አጭር ነው። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት የሚመላለስ ቮልስ ዘይቱ ሳይሞቅ ይቆማል፤ ከሚቃጠለው ቤንዚን የሚመጣው ውሃ ሳይተን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በክረምት የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጣ ያለ አረፋ ብታዩ ይህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ወደ መራዊ ወይም ወደ ወረታ ግማሽ ሰዓት የሚሆን ያልተቋረጠ ጉዞ ያወጣዋል። ቤንዚን ጠፍቶ መኪናው ለወራት ከቆመ ደግሞ ቁልፍ ዞር አድርጋችሁ አታስነሡት። ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ በየሲሊንደሩ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩ፣ የቦቢናውን ገመድ ነቅላችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩት። ከዚያ ካንዴላውን መልሱና አስነሡ።

ሞተሩ ይውረድ ወይስ ይቆይ የሚለውን ለመወሰን የመጀመሪያው ምርመራ እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። የታችኛውን ፑሌጃ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁና ወደ ፊት ግፉት። የሚሰማ ኳኳታ ካለ የክራንክ ሻፍቱ የቁመት ጨዋታ በዝቷል። ጤናማው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ0.15 ካለፈ ሞተር ቤቱ ራሱ እየተበላ ነውና ይውረድ። ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፤ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ። እዚህ ላይ ብዙ ደህና ሞተር በከንቱ ይወርዳል፤ መጽሐፉ 8 ባር የሚለው በባሕር ጠለል ነው፤ ያው ሞተር በባሕር ዳር 6.4 ያህል ነው የሚያሳየው። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ፤ ከ1 ባር በላይ ከተለያዩ ችግር አለ። ዘይት ጠብ አድርጎ ደግሞ የመለካቱ ዘዴ ሲሊንደሩ ለተኛ ሞተር አያስተማምንም፤ ዘይቱ በታችኛው ወገን ብቻ ይተኛል። ይልቅ ፒስተኑን ላይ አድርሳችሁ፣ ሁለቱም ቫልቮ ተዘግቶ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የአየር መጭመቂያ ስጡና አዳምጡ። በማርሚታው ሲነፍስ የጭስ ማውጫ ቫልቮ፣ በካርቡራተሩ ሲነፍስ የመግቢያ ቫልቮ፣ በዘይት መሙያው ሲነፍስ ፋሻ ነው። ቫልቮ ከሆነ ቴስታታ ብቻ ይሠራል። የዘይት ግፊቱ ዘይቱ 70 ዲግሪ ሆኖ በ2500 ዙር 2 ባር ያህል ከሆነም ታችኛውን ክፍል ሳይነኩ መተው ይሻላል።

ከወረደ ግን በግማሽ አይሠራ። ፒስተንና ሲሊንደሩ በስብስብ ይገዛ፤ ለ1600 ልኩ 85.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተር ቤቱ ሳይሰፋ ይገባል እየተባለ የሚሸጠውን 88 አትንኩት፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲሞቅ ይጣመማል፣ በዚህ ከፍታ ደግሞ ቶሎ ይጣመማል። የፋሻው ክፍተት ሲሊንደሩ ውስጥ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው (ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ወዳለው ከባድ የብረት ክብ) ያመልክት። ክራንክ ሻፍቱ በሬቲፊካ ቤት ሲለካ ሞተር ቤቱም አብሮ ይለካ፤ የብሮንዚኑ መቀመጫ ከሰፋ አዲስ ብሮንዚን ብቻውን ግፊት አይመልስም። የቁመት ጨዋታውን የሚያስተካክሉት ቀለበቶች ምንጊዜም 3 ናቸው፤ ውፍረታቸው ይቀያየራል እንጂ ቁጥራቸው አይቀያየርም። የቴስታታው ዳዶዎች ቡሎናቸው 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 31፣ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 25 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከመካከል ጀምሮ፣ በሁለት ዙር፣ በቶርክ ቁልፍ። የቮላኖው ትልቅ ዳዶ 300 ኒውተን ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ 1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ማለት ነው። በግምት የጠበቀ ቮላኖ ይላላና የክራንክ ሻፍቱን ጫፍ ይበላል።

ካም ሻፍቱና እሱ እየገፋ ቫልቮ የሚያስከፍታቸው ፑንተሪያዎች አዲስ ከሆኑ የካም ቅባት ይቀቡ፤ ሞተሩ እንደ ተነሣ ሚኒሞ ላይ ሳይቆይ ለ20 ደቂቃ በ2000 ዙር ይሥራ፤ ካሙና ፑንተሪያው የሚለማመዱት በዚያ ፍጥነት በሚረጨው ዘይት ነው። በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ለውጡ፣ ወንፊቱን እጠቡ፣ ቫልቮዎቹን ደግማችሁ ለኩ፤ በ1500 ዘይቱን እንደገና። እስከዚያ ድረስ ፍጥነቱን እያለዋወጣችሁ በአስፋልት ንዱ፣ ከባድ ጭነት አትጫኑበት፣ የዓባይ በረሃንም አታስወጡት።